ስልክሽ ውስጥ ያሉት 6 ሺህ ፎቶዎች

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ጅማ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ፎቶ ማንሳት ነፍሴ ነው። ስልኬ ውስጥ ከ6 ሺህ በላይ ፎቶ አለ፤ አንዱንም ተመልሼ አላየሁትም። ሦስት ጊዜ ብሎግ ጀምሬ ሦስቱም ጊዜ አራተኛው ጽሑፍ ላይ ስደርስ ቆመ። ባለቤቴ «ካሜራ ከሌለሽ ይሄ ልጅነት ነው» ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ «ጅማ ምን የሚነሳ ነገር አለ? የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አንዴ አነሳሽ፣ አለቀ» ይሉኛል። ሰከንድ ሀንድ ካሜራ ልግዛ? ብሎጉንስ እንዴት ላቆየው? ደግሞስ ማን ያነበኛል?»

ምላሽ፦

የኔ እህት፣ ካሜራውን አትግዢ። ቢያንስ አሁን አትግዢ። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ልንገርሽ። ጅማ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ኒካ፣ ክርስትና፣ ምረቃ፣ ያላነሳሁት የለም። እንጀራዬ ነው። ነገር እንጀራ ሲሆን ደግሞ ጣዕሙ ይቀንሳል። ሙሽሪት «አቅጥነኝ» ትላለች። ተመራቂው «ከኋላዬ ያለውን ሰውዬ አጥፋልኝ» ይላል። አጠፋለሁ። ምን አደርጋለሁ? አንቺ ግን ደንበኛ የለብሽም። በዚህ እቀናብሻለሁ። «አማተር» የሚለው ቃል ራሱ ሥሩ ላቲን ነው፤ የሚወድ ሰው ማለት ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ገና ያልበሰለ ማለት ሆነ። ባለቤትሽ «ልጅነት» ያለው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ይህንን አንብቢለት።

ከጥያቄሽ ውስጥ እኔን የያዘኝ የካሜራው ነገር አይደለም። «አንዱንም ተመልሼ አላየሁትም» ያልሽው ነው። እስቲ አሁን ስልክሽን አውጪና ካለፈው መስከረም አንድ ፎቶ ምረጪ። ዝም ብለሽ አንዱን ንኪ። ሰውየው ማን ነበር? ምን እያላችሁ ነበር? ለምን እዚያ ቆምሽ? መልሱ ከጠፋብሽ ፎቶው ስልክሽ ውስጥ ቢኖርም ካንቺ ዘንድ ሄዷል። ይሄ የካሜራ ጥራት የሚያድነው በሽታ አይደለም። የሚያድነው ከፎቶው ሥር የሚጻፍ ሁለት ሦስት መስመር ነው። ስለዚህ ፎቶውና ብሎጉ ሁለት የትርፍ ጊዜ ሥራ አይመስሉኝም። አንድ ናቸው። አንቺ ለየብቻ ስለያዝሻቸው ነው ሁለቱም የደከሙብሽ።

ይህንን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት ለራሴ ደስታ ያነሳኋቸውን የአራት ዓመት ፎቶዎች አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አከማችቼ ነበር። አንድ ቀን ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። አለቀ። የደንበኞቼ ሥራ ሌላ ቦታ ስለነበር ተረፈ፤ የኔው ግን ሄደ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። የተረፈኝ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበር። እያነሳሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሰዎቹ ያሉኝን እጫጭርበት ነበር። ያንን ሳነብ ፎቶዎቹ ይመጡልኛል። ሳልጽፍባቸው ያለፍኳቸው ግን ጨርሰው የሉም። እንደነበሩ እንኳ አላውቅም።

አንድ ልጥቀስልሽ። ከደብተሩ እንዳለ ነው። «ሐሙስ፣ ጥቅምት 14፣ ጠዋት 1:20። በርጩማ ጠራቢው ዛሬ ሁለት እግር ብቻ ያለው በርጩማ ይዞ ተቀምጧል። ሦስተኛውን ሲጠርብ ተሰነጠቀበት። ስንት ቀን ሠራህበት አልኩት። ሁለት አለ። ሳቀ። ከዚያ ወደ ማገዶው ክምር ወረወረው። ሻይ ልጋብዝህ ስለው፣ ሐሙስ እጾማለሁ አለኝ።» በቃ፣ ይሄው ነው። ፎቶው የለም፤ ሰውየው ግን አለ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ጅማ ላይ ከፎቶ ሥር የሚጽፈውን ተመልከቺ፦ «ጅማ፣ የቡና መገኛ፣ ውቢቷ ከተማ»። ይሄ ውሸት አይደለም። ግን ጅማን አይቶ የማያውቅ ሰውም ይጽፈዋል። አንቺ ብቻ ልትጽፊው የምትችይው የቱን ነው? እሱን ነው መፈለግ።

ብሎግሽ ለምን አራተኛው ላይ እንደሚቆም ልገምት? የመጀመሪያው «እንኳን ወደ ገጼ በደህና መጣችሁ» ነበር። ሁለተኛው የጅማ ታሪክ፣ ከየቦታው ተለቃቅሞ። ሦስተኛው ረጅም፣ ቆንጆ፣ ሦስት ሌሊት የፈጀ። አራተኛው ሦስተኛውን መብለጥ ነበረበት። አልቻለም፣ ቆመ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ግን ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ እኔም ሆኜ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ አንድ ፎቶ፣ አንድ አንቀጽ፣ በሳምንት አንድ ቀን። አንቀጹ ከመቶ ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። ቀኑን ቁረጪ። ሐሙስ ከሆነ ሐሙስ ነው። ፎቶው ጥሩ ባይሆንም ይውጣ። ጽሑፉ ፎቶው ላይ የሚታየውን አይድገም። ቀይ በር ካነሳሽ «ቀይ በር» ብለሽ መጻፍ ምን ይረባል? የማይታየውን ጻፊ። ሽታውን፣ ዋጋውን፣ ከግራ በኩል የሚጮኸውን የባጃጅ ረዳት፣ ከማንሳትሽ አንድ ደቂቃ በፊት የሆነውን። በተለይ ሰው ያለሽን ቃል በቃል ያዢ። ማታ እጽፈዋለሁ ካልሽ ተረስቷል። እዚያው ቆመሽ ድምፅሽን ቅጂ ወይም ለራስሽ በቴሌግራም ላኪው።

የሚነሳ ነገር የለም ላሉሽ ጓደኞችሽ ደግሞ መልስ አለኝ። እዚህ ጋ ትንሽ ልዘርጋው፣ ምክንያቱም ያናድደኛል።

ችግሩ ሰው ፎቶ የሚያነሳው «የሚጎበኝ» ነገር ፍለጋ ሲሄድ ብቻ መሆኑ ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ይወጣል፣ ቤተ መንግሥቱ ፊት ይቆማል፣ ይነሳል፣ ይወርዳል። አዎ፣ እንደዚያ ከሆነ አንዴ በቂ ነው። ግን ቤቱ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ነው። የእንጨት ሥራው ለብቻው ስንት ሳምንት ያስኬዳል። በዝናብ ቀን ከበረንዳው ሥር ሆኖ ከተማዋን ማየት አለ። ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ አለ፤ አህያ እየነዱ የሚወርዱት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት። እኔ ቤተ መንግሥቱን ከፊት ለፊት ካነሳሁት ዓመታት አልፈዋል። መንገዱን ግን አልጠገብኩትም።

አንቺ ግን ጅሬንም መውጣት የለብሽም። ከቤትሽ እስከ ትምህርት ቤትሽ ያለው መንገድ ይበቃሻል። ከዚያ መንገድ ላይ አንድ ነገር ምረጪ። አንድ ብቻ። ሻይ ቤት ሊሆን ይችላል፣ የባጃጅ ተራ፣ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች የሚቀመጡበት ጥግ፣ አንድ ዛፍ። በየሳምንቱ እሱኑ አንሺ፣ ከዚያው ቦታ ቆመሽ። መጀመሪያ ይሰለችሻል። በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ መለወጡን ማየት ትጀምሪያለሽ። ወንበር ተጨምሯል። ልጅቷ የለችም። ግድግዳው ተቀብቷል። እኔ አንድ የሰዓት ጠጋኝ ኪዮስክ እንደዚህ ስከታተል ቆይቼ አንድ ቅዳሜ ስሄድ መንገድ ሊሠራበት ፈርሷል። ሰውየው ሌላ ሰፈር ሄዶ አገኘሁትና ፎቶዎቹን አሳትሜ ሰጠሁት። በአዲሱ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፏቸዋል። ለደንበኞቹ «ይሄ እኔ ነኝ፣ ያኔ» ይላቸዋል።

ከዚህም በላይ ጅማ የራሷ የቀን መቁጠሪያ አላት፤ እሱም ቡና ነው። ከበጋው በኋላ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው ያብባል። ነጭ ነው። ሽታው ጃስሚን ይመስላል። ዕድሜው ግን ጥቂት ቀን ነው፤ ቅዳሜን እጠብቃለሁ ካልሽ አመለጠሽ። ክረምቱን ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል። ከዚያ ከጥቅምት ጀምሮ መቅላት ነው። እሸቱ ሲለቀም፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ ሲሰጣ፣ ጠቁሮ ጀንፈል ሲሆን እስከ ጥር ድረስ ያየሽውን ሁሉ ማንሳት ነው። ጎማ ወይም ማና ወረዳ ዘመድ ካለሽ ጠይቂው። ከሌለሽም ጅማ ውስጥ ጓሮው ቡና የሌለው ሰው ጥቂት ነው። አንድ ዛፍ ያዢና ዓመቱን ሙሉ ተከተዪው። 12 ፎቶ፣ 12 አንቀጽ። ይሄ ብቻውን ብሎግ ነው።

የሐሙሱ የሂርማታ ገበያም አለ። ከጥንት ጀምሮ የዚህ አካባቢ ንግድ መሰብሰቢያ ነው። እዚያ ስትገቢ ሰፊውን ገበያ አታንሺ፤ ሁሉም ሰው ያነሳዋል፣ ጉንዳን ነው የሚመስለው። እጅ አንሺ። ሚዛን አንሺ። የማር እንስራ አንሺ። የጅማን በርጩማ ገልብጠሽ ሥሩን አንሺ። ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፤ ምስማር የለበትም፣ ማጣበቂያ የለበትም። ለምን ሦስት እግር እንደሆነ ታውቂያለሽ? መሬቱ ጎርባጣም ቢሆን ሦስት እግር አይወዛወዝም። አራት ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ጠጠር ስንከት እንኖር ነበር።

ስለ ብርሃን። ይሄ ሙያዬ ስለሆነ እዚህም ታገሺኝ።

መምህርት መሆንሽ ትልቅ ዕድል ነው። ጅማ ላይ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ግድም ነው። አንቺ ወደ ሥራ የምትሄጂበት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ የቀኑ ምርጥ ብርሃን ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ትመጣለች፤ ፊት ላይ ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ጥላ ይሆናል፣ ግድግዳው ሸካራነቱ ይወጣል። ማታም ከ11 ሰዓት በኋላ እንዲሁ ነው። ቀትር ላይ ግን ተይው። ደግሞ የጅማ ቀትር ልክ 6 ሰዓት አይደለም፤ 6:30 አካባቢ ነው። ሰዓታችን የተሠራው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ መስመር ነው፤ ጅማ ደግሞ ከዚያ በስተምዕራብ 37 ላይ ናት፣ ስለዚህ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዘገይብናለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ ጭርሱን አናታችን ላይ ናት። ያኔ የቆመ ሰው ጥላ ከጫማው አይወጣም፤ የዓይን ጉድጓድም ጥቁር ይሆናል። በዚህ ሰዓት ሰው ማንሳት ካለብሽ በረንዳ ሥር አስገቢው። ጅማ ውስጥ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት ቤቶች በረንዳ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ከውጭ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ፊት ላይ እኩል ይፈሳል።

ክረምቱን ደግሞ አትጥዪው። እዚህ ከተማ ዝናብ የማይዘንብበት ወር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ዝናብ ጠላቴ ነው ካልሽ ዓመቱን በሙሉ ቤት ነሽ። ደመና ትልቅ የብርሃን ማጣሪያ ነው። ለፊት ፎቶ እንደ ደመናማ ቀን የሚሆን የለም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ያለውን አሥር ደቂቃ ደግሞ አትልቀቂው። አስፋልቱ መስታወት ይሆናል። የባጃጁ መብራት፣ የሱቁ በር፣ ዣንጥላው፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። ዝቅ ብለሽ ከመሬት አጠገብ አንሺው።

አሁን ስለ ስልክሽ። መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጊው። አልቀልድም። ፎቶ ቤቴ መጥቶ «ስልኬ ተበላሸ፣ ብዥ ይላል» ከሚለኝ ሰው ግማሹ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት ነው ያለው። የነጠላሽ ጫፍ ይበቃል። ቀጥሎ ዙም አታድርጊ። የአብዛኛው ስልክ ዙም ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ነው፤ ሩቅ ያለውን አያቀርብልሽም። በእግርሽ ቅረቢ። ሰው ፊት ላይ ግን ከመጠን በላይ አትቅረቢ፤ የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ከቅርብ ያነሳሽው ሰው አፍንጫው ይገዝፋል። ሰውየው ተቀይሞሽ አይደለም፣ ሌንሱ ነው። ሁለት ሜትር ራቂና በኋላ ቁረጪው።

አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ ለእኛ ቆዳ ቀለም በጣም የሚያስፈልግ። ካሜራ ሞኝ ነው። ያየውን ሁሉ ደምሮ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም እናት ስታነሺ ነጩ በዝቶበት ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጠላው ያምራል፣ ፊቷ ከሰል ይሆናል። ስለዚህ መስታወቱ ላይ ፊቷን በጣትሽ ንኪ፣ ትንሽ ያዢው። የፀሐይ ምልክት ይመጣል። ፊቷ እስኪታይ ወደ ላይ ግፊው። ነጠላው ከልክ በላይ ነጥቶ ጥለቱ ባይለይ ግድ የለም። ፎቶው የነጠላው አይደለም፣ የእሷ ነው። በተቃራኒው ጥቁር ሂጃብ ወይም ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ስታነሺ ካሜራው ብርሃን ይጨምርና ፊት ያነጣል። ያኔ ወደ ታች።

ወደ ካሜራው ልመለስ። ስልክ የማይችላቸው ሥራዎች አሉ፦ ከሩቅ ያለ ወፍ፣ ኳስ ሜዳ፣ ጨለማ አዳራሽ። ቦዬ ረግረግ ሄደሽ ወፍ ላንሳ ካልሽ፣ አዎ፣ ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ ያስፈልግሻል። ግን አንቺ ወፍ አላልሽኝም። ስድስት ወር ሐሙስ ሐሙስ አንስተሽ «ይሄ ስልክ እዚህ ጋ አገደኝ» የምትይበት ቦታ ካገኘሽ፣ ያኔ የምትገዢውን ታውቂያለሽ። ሳታውቂ የተገዛ ካሜራ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚያረጀው።

ቁም ሣጥን ስል አንድ ነገር መጣልኝ። ጅማ ላይ የካሜራ ትልቁ ጠላት ሌባ አይደለም፣ ሻጋታ ነው። አየሩ እርጥብ ነው። በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል፣ ልክ እንደ ዳቦ። ስለዚህ ሰከንድ ሀንድ ስትገዢ ሌንሱን አውልቀሽ በአንዱ በኩል ባትሪ አብሪበት፣ በሌላው በኩል ተመልከቺ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ «አመሰግናለሁ» ብለሽ ውጪ። ሻጩ «ይጠረጋል» ይልሻል። የመስታወቱ ሽፋን አንዴ ከተበላ አይመለስም። እኔ የራሴን የማስቀምጠው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ በሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር። አትጣያቸው፣ ሰብስቢያቸው። ሩዝ ይሠራል የሚሉሽን ተያቸው፣ ሩዙን ብዪው።

ሰው ስለማንሳት ደግሞ ከበድ ያለ ቃል ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ራሱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ በአደባባይ የተደረገ ሥነ ሥርዓት። ግን ሕጉን ትተሽ እንኳ ነውር ነው። ሳትጠይቂ ያነሳሽው ሰው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። መጀመሪያ ሰላምታ። ገበያ ውስጥ «አከም ጅርቱ» ብለሽ ጀምሪ፣ ዕቃ ግዢ፣ አውሪ። ከዚያ ስልኩን አሳዪና ጠይቂ። ብሎግ ላይ እንደሚወጣም ንገሪ፤ ማንሳትና ማውጣት ሁለት ፈቃድ ነው። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፣ «አንድ ብቻ» ብለሽ አታስጨንቂ። እሺ ካሉ አሳትመሽ ውሰጂላቸው። አሥር በአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነች አንዲት ወረቀት ለሚቀጥለው ዓመት በር ትከፍትልሻለች። በእርግጥ እኔ ማተሚያ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ምክሬን በዚያ ልክ ያዢው።

ከተማሪዎችሽ ጋር ግን ጥብቅ ሁኚ። የልጆች ፊት ያለ ወላጅ ፈቃድ አይውጣ። መምህር ስለሆንሽ ልጁ እምቢ ሊልሽ አይችልም፤ ስለዚህ የእሱ «እሺ» እሺ አይደለም። ፊት ሳታሳዪ ስንት ነገር አለ፦ በር ላይ የተደረደረ ጫማ፣ በላስቲክ የተለበጠ ደብተር፣ ጠመኔ የያዘ እጅ፣ ዝናብ ሲመጣ በመስኮት ያጎነበሱ ጀርባዎች። እኔ ብሆን ከፊቱ ይልቅ ጫማዎቹን አነሳ ነበር። የስልክሽን ካሜራ የቦታ መመዝገቢያም አጥፊው። ካላጠፋሽው ፎቶው ሆዱ ውስጥ የቤትሽን አድራሻ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ኤርፖርት፣ ኬላና ካምፕ አካባቢ ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ አድርጊ። ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ የት እንደምትጽፊ። ብሎግን አንዳንዱ «ጦማር» ይለዋል። ድሮ ደብዳቤ ማለት ነበር፤ ደስ ይለኛል ቃሉ። ብሎገር የሚባለው ነፃ አገልግሎት የተጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደላትን በሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። እና በአማርኛ ለመጻፍ የሚያግድሽ ምንም ነገር የለም፣ ስልክሽ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ብቻ ጫኚ። ቴሌግራም ቻናል ይቀላል፣ ሰውም እዚያ ነው ያለው። ችግሩ፣ ቻናል ወንዝ ነው። የዛሬ ዓመት የጻፍሽው ወደ ታች ፈስሶ ይጠፋል። ብሎግ ግን ተፈልጎ ይገኛል። እኔ ብሎጉ ላይ ጽፌ ሊንኩን ቻናሉ ላይ እጥላለሁ። ሁለቱንም ማድረግ አምስት ደቂቃ ነው።

ርዕስ ላይ ፊደል አስቢበት። አንቺ «ፀሐይ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ፈላጊው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሳትገናኙ ትቀራላችሁ። አንዱን አጻጻፍ ያዢና እሱን አትልቀቂ፤ ሌላውን ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ጣል አድርጊው። የሰፈር ስምም ጻፊ። «አንድ ሻይ ቤት» ብሎ የሚፈልግ የለም፤ «ፈረንጅ አራዳ» ብሎ የሚፈልግ ግን አለ።

ፎቶውን ስታወጪ አሳንሺው። ረጅሙ ጎን 1600 ፒክስል ቢሆን ለስልክ ከበቂ በላይ ነው። የሰው ዳታ በከንቱ አይብላ። ዋናውን ግን እንዳለ አስቀምጪ፣ በሁለት ቦታ። የሲሚንቶውን ታሪክ ነግሬሻለሁ። ለራስሽ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ አለዚያ ያጨማትረዋል። አንድ ሰው ፎቶሽን ወስዶ የራሱ ቢያደርገው፣ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የፎቶግራፍ ሥራን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይጠብቅልሻል። መሃል ላይ ስምሽን በትልቁ አትጻፊበት እንጂ። ከጨረቃው በላይ ስሙ የሚያበራ ፎቶ አይቻለሁ።

ማን ያነበኛል ላልሽው። መጀመሪያ ስድስት ሰው። እህትሽ፣ አንድ የሥራ ባልደረባሽ፣ ባለቤትሽ ተደብቆ፣ ከዚያ ደግሞ የማታውቂያቸው ሦስት ሰዎች። ቁጥሩን ለሦስት ወር አትዪው። ከጅማ ወጥተው ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች ግን ቀስ ብለው ያገኙሻል። እኔን አንዱ ያገኘኝ አንድ የጠጅ ቤት በር አንስቼ ነው። በሩን አወቀው። «ከጀርባው የነበረው የአቮካዶ ዛፍ አሁንም አለ?» ብሎ ጻፈልኝ። ሄጄ አየሁለት። ነበረ። አነሳሁለት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ የሆነ ነገር ሄጄ እንዳይለት ይልከኛል። አንዳንዱ አለ፣ አንዳንዱ የለም።

እንግዲህ ሐሙስ ሲመጣ ጀምሪ። ከቤት አሥር ደቂቃ ቀደም ብለሽ ውጪ። 6 ሺዎቹን አሁን አትንኪያቸው፤ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ በቀን 100 እያየሽ፣ የምታስታውሺያቸውን ትጽፊባቸዋለሽ፣ የማታስታውሺያቸውን ትሰርዣለሽ። አምስተኛው ጽሑፍ ሲወጣ ሊንኩን ላኪልኝ። አራተኛውን አይደለም ያልኩሽ፣ አምስተኛውን።